የሁዳዴ ቀማሽ

ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ሥራ ነበረኝ፤ ቀማሽ ነበርሁ።

እናቴ ውዴ የድግስ ወጥ ሠሪ ነበረች። ባሕር ዳር ውስጥ ልጁን የሚድር ሰው መጀመሪያ ድንኳን፣ ቀጥሎ እሷን ነበር የሚይዘው። የእሑድ ሰርግ ወጥ ደግሞ ዓርብ ይጣዳል፤ ዓርብ ጾም ነው። ድስቱ ውስጥ ቅቤና ሥጋ ይንተከተካል፣ የምትሠራው ሴት ግን ከንፈሯን አታስነካውም። እንግዲህ ጨው መጉደሉን ማን ይንገራት? በእኛ አገር ለዚህ መላ አለ፤ ሰባት ዓመት ያልሞላው፣ ገና ጾም ያልያዘ ልጅ ይጠራል።

"አንጓች! ነይ እስቲ ቅመሽልኝ።"

በማማሰያው ጫፍ መዳፌ ላይ ጠብ ታደርግልኛለች፤ እልሳለሁ፤ እፈርዳለሁ። ሌላ ልጅ ቢሆን "ይጣፍጣል" ብሎ ወደ ጨዋታው ይሮጣል። እኔ ግን "ሽንኩርቱ ቸኩለሽበታል፤ ጨዉ ደርሷል፤ ኮረሪማው ዘግይቶ ነው የገባው" የምል ሰው ነበርሁ። የጎረቤት ሴቶች "ይቺስ ሰይጣን ናት" ሲሉ እንደ ማዕረግ እቀበለው ነበር።

ሰው ፊት እንዲህ መነጋገር ስለሚያሳፍር ምልክት ነበረን። ጆሮዬን ከነካሁ ጨው ጎድሏል፤ አፍንጫዬን ካሸሁ በርበሬው ገና ጥሬ ነው፤ አገጬን ከያዝሁ ደርሷል፣ ይውጣ።

ይህ ሥራዬ እናቴን ጉድ ሊሠራት የነበረው በ1978 ዓ.ም. ሁዳዴ ነው።

በዚያ ዓመት ቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት ሊከፍት ሆነና ወጥ ቤት ኃላፊ ያስፈልጋል ተባለ። እናቴ ይህን ስትሰማ ሽንኩርት የምትልጥበትን ቢላዋ አስቀመጠች። እሷ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስሟን መጻፍ ተምራለች፤ ፊርማም አውጥታለች፤ ጅራቱ ወደ ላይ የሚመለስ፣ የሚያኮራ ፊርማ። ግን የምትፈርምበት አልነበራትም። የድግስ ወጥ ሠሪ ምን ላይ ትፈርማለች? አንዳንድ ቀን የሽሮ ዱቄት ላይ በጣቷ ፈርማ፣ አየት አድርጋ፣ በመዳፏ ስታጠፋው አይቻታለሁ። መዋዕለ ሕፃናቱ ግን መዝገብ አለው፤ ጧት ጧት ሠራተኛው ሁሉ በስሙ ትይዩ ይፈርማል ተባለ።

"በየቀኑ?" ብላ አባቴን ጠየቀችው።

"ከእሑድ በቀር በየቀኑ" አላት። አባቴ አካሉ የፋብሪካ ሠራተኛ ስለሆነ የመዝገብ ነገር ያውቃል።

"በየቀኑ..." አለች፤ ለራሷ ነው።

ፈላጊዎቹ ሁለት ሆኑ፤ እናቴና ከአጥራችን ማዶ ያለችው የሻሽወርቅ። ቀበሌው ሁለቱንም፣ ሌሎቹንም ሴቶች አዳራሽ ሰብስቦ ስለ ምግብ አያያዝ አስተማረ። እኔም ሄድሁ፤ ማን ይከለክለኛል? የሙያ ጉዳይ ነው።

ያስተማረችን ከአሰላ ተመድባ የመጣች ሲስተር ሰገነት የምትባል ቀጭን ልጅ ነበረች። ግድግዳው ላይ የኮሶ ትል ሥዕል ሰቀለች። ትሉ ከጣሪያው ጀምሮ እየተጠማዘዘ ወለል ይደርሳል፤ ራሱ ላይ አራት ዓይኖች አሉት፤ አራቱም እኔን ያያሉ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ካቆምሁ በኋላ የቀረኝን ያነበብሁት ለራሴ ነው፤ ስለ ኮሶ ትል ግን ከአንዳንድ ሐኪም የተሻለ አውቃለሁ፤ ምክንያትም አለኝ። እነዚያ አራቱ ዓይን አልነበሩም፤ አንጀት ላይ የሚጣበቅባቸው መምጠጫዎቹ ናቸው። ያን ቀን ግን ዓይን ነበሩ።

"እናቶች" አለች ሲስተር ሰገነት፣ "ጥሬ ሥጋ የቆረጠ ቢላዋ ሳይታጠብ አታክልት አይነካም። እጅ በሳሙና። ውኃ ይፈላል፤ ከጣና የተቀዳ ነው፣ ከምንጭ የተቀዳ ነው አትበሉ፣ ይፈላል። ሥጋ መሃሉ ቀይ እስከማይሆን ይበስላል። ካልበሰለ ትሉ አይሞትም።"

"እኛ እኮ ትሉን በስሙ እናውቀዋለን፣ የኔ ልጅ" አሉ አንዲት አሮጊት ከኋላ። "በየሁለት ወሩ በኮሶ እንሸኘዋለን፤ ደጅ ደርሶ ይመለሳል።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅሁም። "አይሞትም" የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀርቷል።

ቀጥሎ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አስማማው ተነሣ። ካኪ ሱሪው እንደ ቢላዋ የተተኮሰ፣ ሲናገር ጣቱን የሚቀስር ሰው ነው።

"ሁለቱን እጩዎች በየቤታቸው እንፈትናለን። አንድ የሥጋ ወጥ፣ አንድ የአታክልት ወጥ። አብሳይዋ ኮሚቴው ፊት አስቀድማ ትቀምሳለች፤ ከዚያ ኮሚቴው ይመገባል። ራሷ ያልቀመሰችውን ለሕፃናት የምታቀርብ አብሳይ አንፈልግም።"

"በሁዳዴ?" አለ አንድ የሴት ድምፅ።

"አብዮቱ ሁዳዴ አያውቅም!" አለ ጓድ አስማማው፤ ከዚያ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ።

በዚያ ምሽት አባቴና እናቴ ሲነጋገሩ እኔ የተኛሁ መስዬ እሰማ ነበር።

"አንድ ማንኪያ እኮ ናት" ይላል አባቴ። "ትቀምሻታለሽ፣ ለነፍስ አባትሽ ትነግሪያለሽ፣ አለቀ።"

"አንተ ቅመስልኝ እንግዲህ።"

"እኔ ምን ቤት ነኝ? ፈተናው ያንቺ ነው።"

"ከልጅነቴ ጀምሮ በሁዳዴ ያልነካሁትን፣ ለመፈረሚያ ብዬ?"

"እንግዲያው ሥራውን ተይዋ!"

ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ፤ ሁለቱንም አልተውም ማለት ነው።

ሰኞ የየሻሽወርቅ ተራ ነበር። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ተመደብሁ፤ የመደበኝ የለም፣ ራሴን መደብሁ። ሦስት ሆነው መጡ፤ ጓድ አስማማው፣ ሲስተር ሰገነትና የቀበሌው ጸሐፊ አቶ መርስዔ ኀዘን። አቶ መርስዔ ኀዘን ዕድሜያቸውን ደሴት ላይ ባለ ገዳም ቅኔ ሲቆጥሩ የኖሩ፣ በአብዮቱ ወደ ከተማ መጥተው ቃለ ጉባኤ የሚጽፉ ሽማግሌ ናቸው። ገዳም የለመዱት ልማድ ስላለቀቃቸው የቅዱሳን ስም እንደሚጻፍ "አብዮት" የሚለውን ቃል በቀይ ቀለም ነበር የሚጽፉት።

የሻሽወርቅ ሥጋውን ከተፈች፤ ቢላዋውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና በዚያው ሽንኩርቱን ከተፈች። ሲስተር ሰገነት የሆነ ነገር ጻፈች። ወጡ ሲደርስ የሻሽወርቅ ማንኪያውን አነሣች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ዋጠችው። ከዚያ ከንፈሯን በነጠላዋ ጠረገችው፤ ጠረገችው፤ ጠረገችው። ኮሚቴው ደግሞ "አስቸኳይ ስብሰባ አለብን" ብሎ ሳይቀምስ እየተጋፋ ወጣ።

ሮጥሁ።

"እማዬ! የሻሽወርቅ በሁዳዴ ሥጋ በላች! እኔ በዓይኔ! ሆዳም!"

እናቴ አፌን በሽንኩርት እጇ ግጥም አደረገችው። "ያየሽውን አላየሽም" አለችኝ። "ሰማሽ? ስለዚያች ሴት ሁለተኛ እንዳትናገሪ።"

የሻሽወርቅ አራት ልጆች ነበሯት። ባሏ ከሰሜን ጦር ግንባር የሚልከው ደብዳቤ ከቆመ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በአጥር ቀዳዳ ይህ ሁሉ አይታይም።

ማክሰኞ እኛ ዘንድ ሆነ። በሁዳዴ ከተማው ውስጥ ሥጋ አይገኝምና ቀበሌው ከወታደሮች ካምፕ አስመጥቶ በአብዮት ጠባቂው በደሞዝ እጅ ላከልን። በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበር። እናቴ ስትፈታው ፊደሉ ተገልብጦ ሥጋው ላይ ታትሟል።

"ጋዜጣ የምግብ መጠቅለያ ነው እንዴ?" አለች።

"ሌላ ምን ይሠራል?" አለ ደሞዝ፤ ወዲያው ግራ ቀኙን አየና መሣሪያውን አስተካከለ።

እናቴ በዚያ ቀን ቤቱን እንዴት እንዳደረገችው! ድስቱ በአመድ ተፈትጎ መልክ ያሳያል። ውኃ ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ተከድኗል። ሳሙና በጣሳ ክዳን ላይ ተቀምጧል። እሷ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ ፊደል ያለበትን የሥጋ ፊት ገፍፋ ልትጥል ወደ ጓሮ ወጣች።

እኔና ሥጋው ብቻችንን ቀረን።

ቀማሽ ከጥሬው መጀመር አለበት የሚል ደንብ እዚያው አወጣሁ። ሁለት ቁራጭ። በርበሬ ውስጥ አጥቅሼ ዋጥሁት። ሦስተኛውን ሳነሣ ኮቴዋን ስለሰማሁ መለስሁት፤ ሌባ አይደለሁም።

ኮሚቴው ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። እናቴ በየተራ እጃቸውን አስታጠበቻቸው። ደሞዝ ደጃፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ የምልክት ሥራዬን እንድሠራ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆምሁ።

ሲስተር ሰገነት መጀመሪያ ቢላዋዎቹን አነሣች። የአንዱ እጀታ ላይ ቀይ ክር፣ የሌላው ላይ ነጭ ክር ታስሯል።

"ይሄ ምንድን ነው፣ እትዬ ውዴ?"

"ቀዩ ለሥጋ ነው። ነጩ ለአታክልት።"

"መክተፊያውስ?"

"ሁለት ነው። ድስቱም ሁለት፤ ጭልፋውም ሁለት። አንዱ ካንዱ አይነካካም፤ ማጠቢያቸውም ለየብቻ ነው።"

የሲስተር ሰገነት ዓይን በራ። "እኔ ያስተማርሁት እኮ ባለፈው ሳምንት ነው! መቼ ጀመሩት?"

"ከእናቴ ቤት ጀምሮ።"

"እናትዎ የጤና ባለሙያ ነበሩ?"

"ኧረ እሷስ መነኩሲት ናት።"

አቶ መርስዔ ኀዘን ሳል ያዛቸው። በየክርስቲያኑ ጓዳ የጾምና የፍስክ ዕቃ እንደሚለይ ከኮሚቴው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ጓድ አስማማው ግን ጣቱን ቀስሮ፣ "ፍጹም ሳይንሳዊ አሠራር! ይጻፍ!" አለ። ተጻፈ።

ሥጋው ተጣደ። ተቁላላ። እናቴ ወደ ጓዳ ብቅ ብላ መዳፌ ላይ ጠብ አደረገችልኝ። ቀመስሁ። ጆሮዬን ነካሁ፤ ጨው ጨመረች። ደግሜ ቀመስሁ። አገጬን ያዝሁ። በሕይወቴ ከቀመስሁት ወጥ ሁሉ የበለጠ ነበር፤ ይህን የምለው እናቴ ስለሆነች አይደለም፤ ብታበላሸው እናገር ነበር።

እናቴ ድስቱን አወጣችና ኮሚቴው ፊት ከፈተችው። እንፋሎቱ ተነሣ። "ደርሷል" አለች፤ ድምፅዋ ግን ቀጥኗል። ከዚህ ቀጥሎ ማንኪያው እንደሚመጣ ታውቃለች።

ጓድ አስማማው ድስቱ ውስጥ አየ። ከዚያ እኔ ያልጠበቅሁትን አደረገ፤ ወደ ኋላ አለ።

"ሲስተር፣ ባለሙያዋ እርስዎ ነዎት" አለ። "በእርግጥ በስሏል?"

ሲስተር ሰገነት አንድ ቁራጭ በሹካ አውጥታ ከፈለችው። እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት፤ እንደ አህያ ቆዳ ግራጫ ነው። እሷ ግን ቅንድቧን ሰበሰበች።

"መሃሉ ትንሽ ቀላ ያለ ይመስለኛል።"

"እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር!" አለ ጓድ አስማማው። "ሃያ ደቂቃ ይጨመርበት።"

እናቴ መለሰችው። ሃያ ደቂቃ ነደደ። አወጣችው።

"የኮሶ ትል ጠንካራ ነው ሲባል እሰማለሁ" አለ ጓድ አስማማው።

"እጅግ በጣም ጠንካራ ነው፣ ጓድ።"

"በሕፃናት ጤና ቀልድ የለም። አብዮታዊ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።"

"ሃያ ደቂቃ?"

"ሃያ ደቂቃ።"

ከመጋረጃው ጀርባ ጣቴን እያጠፍሁ ቆጠርሁ። ነገሩን አሰላሁት። ጓድ አስማማው አብዮት ነው፤ አብዮት ሁዳዴ አያውቅም፤ ስለዚህ ሥጋውን የማይበላው ጾሞ አይደለም። ሲስተር ሰገነት ትሉን ከነሥዕሉ ታውቀዋለች፤ እሷም ፈርታለች። ስለዚህ ትሉ እዚያ ድስት ውስጥ አለ፤ አርባ ደቂቃ ሙሉ ነድዶበት አልሞተም፤ በአራት ዓይኑ እያየ ነው። እኔስ? እኔ የዋጥሁት እሳት እንኳ ያላየውን ነው። ሁለት ቁራጭ! ሆዴን ያዝሁ። አንድ ነገር ዞር አለ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲወጣ አቶ መርስዔ ኀዘን ናቸው የተናገሩት። "የማይሞት ትል መኖሩን እኔም በልጅነቴ ተምሬያለሁ" አሉ በዝግታ።

ጓድ አስማማው ገላመጣቸው። "በየትኛው ትምህርት ቤት?"

"በ... በቀድሞው ሥርዓት፣ ጓድ።"

"ይጨመርበት።"

በዚህ ጊዜ እናቴ ምድጃው ላይ ጎንበስ አለች፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያለቀሰች መሰለኝ። ሥራው ቀረባት፤ ፊርማዋ ዱቄት ላይ ሊቀር ነው አልሁ በልቤ። እናቴ ግን አላለቀሰችም። ከሁሉም ቀድማ የገባት እሷ ናት፤ እየሳቀች ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የጊዮርጊስ ደወል ተደወለ።

ጓድ አስማማው ሰዓቱን አየ። ሲስተር ሰገነት የራሷን አየች። አቶ መርስዔ ኀዘን ሰዓት የላቸውም፤ ከንፈራቸው ግን ተንቀሳቀሰ።

"እስከዚያው" አለ ጓድ አስማማው፣ "የአታክልቱን ፈተና ብናስቀድመውስ?"

እናቴ የምስር ወጥና ጎመኑን አቀረበች። እንዴት እንደበሉ ልንገራችሁ? አልተነጋገሩም። ቀና አላሉም። ጓድ አስማማው ካኪው ላይ ምስር አንጠባጠበ፣ አልጠረገውም። እናቴ ሁለት ጊዜ ጨመረች፤ ደሞዝም ደጃፍ ላይ የደረሰውን በእጁ ይዞ ጠረገው። እኔ ጎመን ውስጥ ትል ስለሌለ ነው ብዬ ፈረድሁ። ያ ሰዓት በሁዳዴ ከጧት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው አፉን የሚፈታበት ሰዓት መሆኑን፣ እነዚያ አራቱም በዚያ ቀን ከእኛ ቤት ውኃ እንኳ እንዳልጠጡ ለማገናኘት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ያበላሸው ደሞዝ ነው። ሆዱ ሲሞላ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ያ ሥጋ እኮ ከአሁን በኋላ ጫማ ነው የሚሆነው! ትቅመሰውና እንሂድ እንጂ!"

ጓድ አስማማው ወደ ደጃፉ ዞረ። ደሞዝ ሁሉን አይቷል፤ ደሞዝ ደግሞ ያየውን የትም የሚናገር ሰው ነው። አቶ መርስዔ ኀዘን ብዕራቸውን ወረቀቱ ላይ ወዳለው ባዶ መስመር አስጠጉ፤ "አብሳይዋ አስቀድማ..." ይልና ይቆማል።

"እንግዲህ... ጓዲት ውዴ" አለ ጓድ አስማማው፤ ፊቷን አላየም። "ደንቡ ደንብ ነው።"

እናቴ ማንኪያውን አነሣች። ከጠቆረው ሥጋ አንዱን አወጣች። ማንኪያው ወደ አፏ ቀረበ፤ ቆመ፤ ደግሞ ቀረበ። ዓይኗን እንደ የሻሽወርቅ ጨፈነች።

እኔ መጋረጃውን ከነዘንጉ ይዤው ወጣሁ።

"እማዬ አትብዪ! አይሞትም! ትሉ አልሞተም! እኔ በጥሬው በልቼዋለሁ፣ አሁን ሆዴ ውስጥ ነው!"

ማንኪያው መሬት ወደቀ።

"ምን?" አለች እናቴ። "መቼ?"

"ጧት! ሁለት ቁራጭ! በበርበሬ! ወጡንም ቀምሻለሁ! ሁልጊዜም የምቀምሰው እኔ ነኝ፣ አንቺ እኮ ስለምትጾሚ..."

አፌን በሁለት እጄ ያዝሁ፤ ዘግይቼ ነበር። የምድጃው ፍም ሲፈነዳ ተሰማ። እናቴ አየችኝ፤ በዚያ ዓይኗ ውስጥ መዝገቡ ሲዘጋ አየሁት።

"አሃ!" አለ ደሞዝ ከደጅ።

አቶ መርስዔ ኀዘን ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ። ቀዩ ውስጥ።

"የቀማሿ ዕድሜ ስንት ነው?" አሉ።

"ስድስት ዓመት ከስምንት ወር" አልሁ እያለቀስሁ።

"መልካም።" እየጻፉ ያነቡ ጀመር። "ለሕፃናት የሚቀርበው ምግብ፣ በአብዮታዊት ሕፃን አንጓች አካሉ፣ ኮሚቴው ባለበት ቤት፣ ተቀምሷል። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ከዚህ የበለጠ ሕዝባዊ አሠራር ያውቃሉ?"

ጓድ አስማማው የሚሰምጥ ሰው ታንኳ ሲያገኝ እንደሚይዘው ሐሳቡን ያዘው። "አላውቅም! ተጠቃሚው ራሱ ይቆጣጠር ማለት ይኸው ነው! የሕፃን ምግብ ሕፃን ይቅመሰው! ማን ነው ይህን ያላሰበው?" ጣቱን ወደ ደሞዝ ቀሰረ። ደሞዝ እሱ አለመሆኑን ራሱን ነቅንቆ ገለጸ።

"በሕክምናም ትክክል ነው" አለች ሲስተር ሰገነት፤ አፏን በመሐረብ ይዛለች። "ጥሬውን መብላቷ ግን ትልቅ ጥፋት ነው። አንጓች፣ ነገ ክሊኒክ ትመጫለሽ።"

"ሥጋውስ?" አለ ደሞዝ።

"ከፈለግህ ብላው" አለው ጓድ አስማማው።

ደሞዝ ድስቱን አየ፤ ሁላችንንም አየ። "እኔ... ዛሬ ሆዴን እያመመኝ ነው" አለ። ከሩብ ሰዓት በፊት ሦስት እንጀራ ምስር የበላ ሰው ነው። እሱንም ትሉ ይዞታል ብዬ አዘንሁለት።

ሥጋውን የበላሁት እኔ ነኝ። አንዱን ቁራጭ አኝኬ ለመጨረስ ከቤት እስከ ሐይቁ ዳር ደርሼ ተመለስሁ።

በማግሥቱ ሲስተር ሰገነት ኪኒን ሰጠችኝ። እናቴ በኪኒን ስላላመነች በሦስተኛው ቀን ኮሶ አጠጣችኝ፤ አፍንጫዬን ይዛ፣ አንድ ጣሳ። የመጣውን ሁሉ አልተርክም። ዛሬ ሰው ቤት ጥሬ ሥጋ ሲቀርብ "ትንሽ ይጨመርበት" የምለው ለዚያ ነው፤ ኩራት የሚመስላቸው አሉ፤ ይምሰላቸው።

እናቴ ተቀጠረች። የመጀመሪያው ቀን ጧት ከእሷ ጋር ሄድሁ። መዝገቡ ተከፈተላት። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ብዕሩን ያዘች፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ቀስ ብላ ፈረመች፤ ጅራቱን ወደ ላይ መለሰችው። ከኋላዋ ዘበኛው፣ አስተማሪዎቹ፣ ሞግዚቶቹ ተሰልፈው ቆመዋል። ሁሉም የእናቴን ፊርማ ሊያዩ የመጡ መስለውኝ ነበር። ለመፈረም ተራ እየጠበቁ እንደነበር ኋላ ብረዳውም፣ ያን ሥዕል ከልቤ አላነሣሁትም።

በሁለተኛው ሳምንት እናቴ በአቶ መርስዔ ኀዘን ማመልከቻ አስጽፋ የሻሽወርቅን ረዳት አድርጋ አስቀጠረቻት። እኔ ሦስት ቀን አኮረፍሁ።

"እሷ እኮ..."

"አውቃለሁ ምን እንዳደረገች" አለችኝ። "እኔም ማንኪያውን አንሥቼ ነበር። አንቺ ባትጮኺ ኖሮ እንጃ።"

ቢላዋውን በቀሚስ መጥረግ ግን በመጀመሪያው ቀን አስቆመቻት። ቀይ ክርና ነጭ ክር ራሷ አሰረችላት።

እኔ በቃለ ጉባኤው መሠረት የመዋዕለ ሕፃናቱ ቀማሽ ሆኜ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ሠራሁ። በፍልሰታ ዋዜማ ሰባት ዓመት ሞላኝ፤ ጾም ያዝሁ፤ ከሥራ ወጣሁ። የጡረታ ነገር ያነሣልኝ የለም።

አምና በሁዳዴ ከእናቴ ጋር ጊዮርጊስ ሄጄ ነበር። ከቅዳሴ ስንወጣ በሩ ላይ አንድ ነጠላ ያጣፉ ሽማግሌ ሕዝቡን በጣታቸው ያሰልፋሉ። ጣቱን አወቅሁት። ጓድ አስማማው፣ ዛሬ የሰበካ ጉባኤ አባል።

"ጋሼ አስማማው" አልሁ ጠጋ ብዬ፣ "አንጓች ነኝ፣ የውዴ ልጅ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ቀን እኛ ቤት፣ ያን ሥጋ ለምን አልበሉትም?"

ግራቸውን አዩ። ቀኛቸውን አዩ። ዛሬ የሚሰማ ደሞዝ የለም፤ ልማድ ግን ልማድ ነው።

"አልበሰለም ነበር" አሉኝ።

"ጋሼ!"

"መሃሉ ቀይ ነበር፣ ልጄ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሲስተርም አይታዋለች፤ በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ነው።"

ጣታቸው ተቀስሯል፤ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አይነቃነቅም። ወደ እናቴ ዞር አልሁና አገጬን ያዝሁ።

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።